ባለ ስክሪን የአንግል መለኪያ ገዝቼ ስምንት ወር ስሰራበት ያየሁት

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ፍሬም ነው። ትርፍ ሰዓቴን እንጨት እየሰራሁ ነው የማሳልፈው፣ አናጢ ነኝ አልልም ግን እጄ ስራ አይጠላም። አራት እንጨት በ45 ዲግሪ ቆርጬ ሳገጣጥም ሶስቱ ጥግ ግጥም አለና አራተኛው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ደግሜ ቆረጥኩ፣ ያው ነው። ለሶስተኛ ጊዜ ቆረጥኩ፣ ፍሬሙ እያነሰ ሄደ እንጂ ክፍተቱ እንዳለ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፎቶው ራሱ ከፍሬሙ በለጠ። እስከዛ ድረስ መጋዙ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አምኜ፣ ለማርክ ደግሞ የተማሪ ፕሮትራክተር፣ ያቺን ግማሽ ጨረቃ ፕላስቲክ እየተጠቀምኩ ነበር። በንዴት ሄጄ ባለ ስክሪን የአንግል መለኪያ ገዛሁ። አሁን ስምንት ወር ሆነው፣ እና ብዙ ሰው "ልግዛው ወይ" እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን እንዳለ ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ዕቃው ምን ይመስላል ላልከኝ፣ ሁለት የማይዝግ ብረት ማስመሪያ አንድ ጫፍ ላይ ተያይዘው እንደ መቀስ የሚከፈቱ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 200 ሚሊ ናቸው፣ መገናኛው ላይ ክብ ነገር አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ስክሪንና ሁለት በተን፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የሚጠብቅ ብሎን። ማስመሪያዎቹን ስትከፍት ቁጥሩ አብሮ ይሮጣል፣ ከ0 እስከ 360። በእጅ ሲያዝ ከበድ ይላል፣ ደስ ይላል፣ የመጀመሪያ ቀን የቤቱን ጥግ ሁሉ ስለካ ዋልኩ፣ የበሩን፣ የጠረጴዛውን፣ የመጽሐፉን፣ አንድም ትክክለኛ 90 የሆነ የግድግዳ ጥግ አላገኘሁም ልበላችሁ። 91.3፣ 88.9፣ 90.6፣ እንዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው።

አሁን ወደ ዋናው። ስክሪኑ 0.1 ዲግሪ ያሳያል፣ ሰው ይሄን አይቶ "በ0.1 ይለካል" ይላል፣ እኔም ብዬ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ታጣፊ ወረቀት ግን ሳነብ ልዩነቱ ±0.3 ዲግሪ ሊሆን እንደሚችል በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ስክሪኑ ስንት ቁጥር መጻፍ እንደሚችል ነው፣ ሌላው የጻፈው ቁጥር ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ነው። እና 0.3 ትንሽ ትመስላለች አይደል፣ ግን አንግል ክፋቱ በርቀት ያድጋል፣ 1 ዲግሪ ስህተት አንድ ሜትር ላይ 17.5 ሚሊ ገደማ ትሆናለች፣ 0.3ቷ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ናት። ለመደርደሪያ 5 ሚሊ ስታይ አይንህን ያሳምምሃል።

ፍሬሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አራት ጥግ ማለት ስምንት ቁርጥ ማለት ነው። መጋዙ በ0.3 ከተሳሳተ ስምንቱም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሳሳተው፣ አይጣፋም ይደማመራል፣ 2.4 ዲግሪ ይሆንና ሁሉንም የመጨረሻው ጥግ ይሸከመዋል። 60 ሚሊ ስፋት ያለው እንጨት በ45 ሲቆረጥ የመጋጠሚያው መስመር 85 ሚሊ ገደማ ነው፣ 2.4 ዲግሪ እዛ ላይ 3.5 ሚሊ ክፍተት ነው። ያ ጥፍሬን ያስገባው ክፍተት ማለት እሱ ነው። ይሄን ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው ለካ መጋዙም ፕሮትራክተሩም ብዙ አልዋሹም ያልኩት፣ ትንሽ ትንሽ ስምንት ጊዜ ነው የዋሹኝ።

ችግሮቹን ልዘርዝር፣ የሚያስለቅስ ባይሆንም የሚያናድድ አለ። አንደኛ ዜሮ አደራረጉ። ማስመሪያዎቹን ጥርቅም አድርገህ ዘግተህ ዜሮ ትጫናለህ፣ ከዛ ነው መለካት። እንጨት ቤት ውስጥ ደግሞ ብናኝ የሌለበት ቦታ የለም፣ ግማሽ ሚሊ የምታክል ስንጥር ከመገናኛው 100 ሚሊ ርቃ መሃላቸው ብትገባ 0.3 ዲግሪ ገደማ ክፍት ሆኖ ነው ዜሮ ያልከው፣ ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምትለካው ሁሉ በዛች ልክ ይሳሳታል፣ ስክሪኑ ደግሞ ምንም አይነግርህም፣ እንደውም በልበ ሙሉነት ነው ቁጥሩን የሚጽፈው። አሁን ልማድ አድርጌዋለሁ፣ በጣቴ ጠርጌ፣ ብርሃን ላይ ይዤ በመሃል ብርሃን ማለፍ አለማለፉን አይቼ ነው ዜሮ የምጫነው።

ሁለተኛ ብሎኑ። ለክተህ ስታጠብቀው ቁጥሩ 0.1 አንዳንዴም 0.2 ይንሸራተታል። መጀመሪያ እጄ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ ብሎኑ ሲጠብቅ አንዱን ማስመሪያ ትንሽ ይዞት ይዞራል። መፍትሄው ግማሽ አጥብቀህ መጨረሻ ላይ ማስተካከል ነው ግን ለዚህ ሶስት እጅ ያስፈልጋል። ሶስተኛ ባትሪ። ክብ ጠፍጣፋ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው የሚወስደው፣ ኦፍ አድርገኸውም ውስጥ ለውስጥ ይበላል፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተብኝ። አሁን ስራ ስጨርስ ባትሪውን አውጥቼ አስቀምጣለሁ፣ ክዳኗ ደግሞ እየላላች ነው፣ አንድ ቀን ትጠፋለች።

መለኪያው ራሱ ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ ለሚል ሰው፣ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሰፊ ጣውላ ላይ 600፣ 800፣ 1000 ሚሊ የሆነ ሶስት ማዕዘን በጥንቃቄ ሳልኩ። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቃት 3-4-5 ናት፣ በትንሹና በመካከለኛው ጎን መሃል ያለው የግድ 90 ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ 36.87 እና 53.13 ናቸው። የኔው 90.1፣ 36.7፣ 53.3 አለኝ። መጥፎ አይደለም፣ ከወረቀቱ ላይ ካለው ይሻላል እንደውም። ሶስቱን ደምር 180.1፣ ይሄ መደመር ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው፣ የትኛውንም ሶስት ማዕዘን ብትስል ድምሩ 180 መሆን አለበት፣ ከዛ በጣም ከራቀ ወይ እጅህ ወይ ዕቃህ ላይ ችግር አለ። ለተራ ስኳድራ፣ ለዛች 90 ማረጋገጫ ባለ L ቅርጽ መሳሪያ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ሌላ አለ፣ ቀጥ ካለ ጠርዝ አስጠግተህ መስመር ታሰምራለህ፣ ገልብጠህ በዛው ነጥብ ላይ ሌላ ታሰምራለህ፣ መስመሮቹ ከተደራረቡ ስኳድራው ጨዋ ነው፣ እንደ መቀስ ከተከፈቱ በመሃላቸው ያለው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው።

እሺ ስድቡን ጨረስኩ፣ አሁን የወደድኩትን። ይሄ ዕቃ የተፈጠረው ለግድግዳ ጥግ ነው። ዞኮሎ (ግድግዳ ስር ዙሪያውን የሚመታው) ወይም ኮርኒስ ዳር የሚመታ ጌጥ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ጥጉ 90 ስለማይሆን 45 በ45 ብለህ ብትቆርጥ አይገጥምም። ከፍተህ ጥጉ ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ 91.4 ይልሃል፣ ግማሹን ታደርጋለህ፣ አለቀ። ብቻ አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔ ሁለት ቆንጆ እንጨት ያበላሸሁበት። መለኪያው የሚያሳይህ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ያለውን ነው፣ መጋዙ ላይ ያለው ቁጥር ግን 0 የሚለው ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ ጥጉ 134 ከሆነ ግማሹ 67 ነው ብለህ መጋዙን 67 ላይ አታደርግም፣ መጀመሪያ ነገር አብዛኛው መጋዝ እዛ አይደርስም፣ 180 ሲቀነስ 134 ለ2 ሲካፈል 23 ነው የምታደርገው። በ90 ጥግ ላይ ሁለቱም መንገድ 45 ስለሚሰጥ ስህተቱ አይታወቅህም፣ ለዛ ነው ሰው ሳይገባው ዓመት የሚሰራው።

ግን ታውቃላችሁ፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይሄ ዕቃ አይደለም። ቁጥር የሌላት ታጣፊ ስኳድራ ናት፣ የእንጨት እጀታ፣ አንድ የብረት ምላስ፣ አንድ ብሎን፣ በቃ። ዲግሪ የላትም፣ ስክሪን የላትም፣ ምንም አትናገርም። ጥጉ ላይ ታስጠጋታለህ፣ ታጠብቃታለህ፣ ሄደህ መጋዙን ወይም እርሳስህን በሷ ልክ ታደርጋለህ። የሰራችው ነገር ሲታይ ቀላል ነው፣ አንግሉን ወደ ቁጥር ሳትቀይር ራሱን ተሸክማ ሄደች። እኔ በዲጂታሉ ስሰራ ጥጉን ወደ ቁጥር ቀይሬ፣ ቁጥሩን በጭንቅላቴ ለሁለት ከፍዬ፣ ከዛ መልሼ መጋዝ ላይ ወደ አንግል እቀይራለሁ፣ በየመቀያየሪያው ትንሽ ትንሽ ይፈሳል፣ ውሃ በእጅ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ የኔ ድምዳሜ ይሄ ነው፣ አንግሉን መቅዳት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ስክሪን አያስፈልግህም፣ ማስላት ካለብህ ወይም ለሌላ ሰው በስልክ መናገር ካለብህ ግን ቁጥር የግድ ነው፣ "የኔዋ ስኳድራ እንዲህ ተከፍታለች" ብለህ በስልክ አታስረዳም።

ማግኔት ያላት ትንሽ ሳጥንም አለችኝ፣ ከዚህ ጋር እያምታቱ የሚገዙ ሰዎች ስላየሁ ነው የማነሳት። እሷ ሁለት ነገር መሃል ያለውን አንግል አይደለም የምትለካው፣ ከመሬት ስበት ጋር ነው የምታወዳድረው፣ ውስጧ ያለው ሴንሰር ወደ ታች የቱ እንደሆነ ያውቃል፣ ቱንቢ ዲጂታል ሆነ በሉት። ክብ መጋዝ ላይ ግሩም ናት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ዜሮ ትላታለህ፣ ምላጩ ላይ በማግኔቷ ትለጥፋታለህ፣ ምላጩ ከጠረጴዛው ጋር ያለውን ትነግርሃለች፣ ጠረጴዛው ራሱ ቢያጋድልም ችግር የለም። ግን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አዙሯት፣ ሙሉ ክብ ብታዞሯት ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም ወደ ታች የሚለው አልተቀየረም። የክፍል ጥግ ለመለካት ብሎ ገዝቷት "አትሰራም" ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ፣ ምስኪን ሳጥን ያለ ሃጢያቷ። መፈተኛዋ ቀላል ነው፣ አንድ ቦታ አስቀምጠህ ታነባለህ፣ እዛው ቦታ ፊቷን ወደኋላ አዙረህ ታነባለህ፣ አንዴ በ0.4 ከፍ ብሏል፣ ስትዞር በ0.2 ዝቅ ብሏል ካለች እውነተኛው 0.3 ነው፣ የቀረችው 0.1 የራሷ ጥፋት ናት። ውሃ ልክም በዚሁ ነው የሚፈተነው።

የስልክ አፕም ያው የሳጥኗ ዘመድ ነው፣ ስልክ ውስጥም ስበት የሚያውቅ ሴንሰር አለ። ለስዕል መስቀያ ይበቃል። ብቻ ከጀርባው ካሜራው ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ስልኩ ራሱ ተንጋዶ ነው የሚለካው፣ ካቨሩ ደግሞ ሌላ ነው፣ ወይ በጎኑ አቁመው ወይ መጀመሪያ ልክ መሆኑን የምታውቀው ነገር ላይ ዜሮ አድርገው።

ብረት ሰሪዎች ጋ ስሄድ ግን የኔ ዕቃ መጫወቻ ሆነች። ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ አሳየኋቸው፣ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ "ልጄ፣ 0.1 ዲግሪ ማለት እኮ 6 ደቂቃ ናት" ብለው የራሳቸውን ከመሳቢያ አወጡ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ፣ ከሰዓት ጋር ስም ይጋራሉ እንጂ ሌላ ናቸው። የሳቸው ባትሪ የሌለው፣ ክቡ ላይ በቬርኒየር፣ ማለትም ከዋናው መስመር ጎን በተሰመረች ትንሽ ረዳት ማስመሪያ የሚነበብ ነው፣ 12ቱ የቬርኒየር መስመሮች ዋናው ላይ ካለው 23 ዲግሪ ጋር እኩል ተደርገው ስለተሰመሩ የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደገጠመ አይተህ 5 ደቂቃ ድረስ ታነባለህ። ፒየር ቬርኒየር የሚባል ሰው በ1631 ያወጣው ሃሳብ ነው፣ ካሊበር ላይ ያለውም እሱ ነው። 5 ደቂቃ ከኔ ስክሪን 6 ደቂቃ ትሻላለች ማለት ነው፣ ያለ ባትሪ! በነገራችን ላይ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ 22.5 ዲግሪ ማለት 22 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው፣ ከ50 ደቂቃ አይደለም፣ ስዕል ላይ በደቂቃ ተጽፎ መለኪያህ በነጥብ የሚያሳይ ከሆነ ቀስ በል።

እኚህ ሰውዬ ከዛ ደግሞ ሳይን ባር አሳዩኝና ዝም አስባሉኝ። አንድ ድፍን ብረት ነው፣ ስሩ ሁለት እኩል ሲሊንደር፣ የሲሊንደሮቹ ርቀት ልክ 100 ሚሊ። ዲግሪ የሚባል ነገር የትም አልተጻፈበትም። 30 ዲግሪ ከፈለግክ አንዱን ሲሊንደር በ50 ሚሊ ከፍ ታደርገዋለህ፣ 10 ዲግሪ ከፈለግክ በ17.365 ሚሊ፣ ከፍታውን በልክ በተሰሩ ብረቶች ትደራርባለህ፣ የትምህርት ቤቱ ሳይን ነው ሌላ ተአምር የለውም። ርዝመትን በሚክሮን መለካት አንግልን ከመለካት ስለሚቀል አንግሉን በርዝመት አሳልፎ ይይዘዋል። ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን አይመከርም፣ ትንሽ የከፍታ ስህተት ትልቅ የአንግል ስህተት እየሆነች ትሄዳለች። እዛ ቤት ውስጥ ካየሁት ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር፣ ቁጥር የሌለው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ከታጣፊዋ ስኳድራ ጋር ዘመድ ሆኑብኝ።

በተቃራኒው ደግሞ ትክክለኛነት ምንም የማይጠቅምበት ቦታ አለ። ጉልበቴን ተጎድቼ ፊዚዮቴራፒ እየተመላለስኩ ነበር፣ ባለሙያዋ በየጊዜው ጉልበቴ ስንት እንደሚታጠፍ በጎኒዮሜትር ትለካለች፣ ጎኒዮሜትር ማለት ሁለት ክንድ ያለው ፕላስቲክ ፕሮትራክተር ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። መሃሉን ጉልበቴ ጎን ያለው አጥንት ላይ፣ አንዱን ክንድ ወደ ዳሌ አጥንት፣ ሌላውን ወደ ቁርጭምጭሚት ውጪ እብጠት አነጣጥራ። የመጀመሪያ ቀን 85 ነበር፣ ጤነኛ ጉልበት 135 እና ከዛም በላይ ይታጠፋል። እኔ ጎበዝ ነኝና በሚቀጥለው ዲጂታሌን ይዤ ሄድኩ፣ "እህቴ ይሄ በ0.1 ያሳያል" ብዬ። ሳቀች። "ወንድሜ፣ ይሄን ለእንጨትህ አድርገው፣ ሰው ስጋ ነው" አለችኝ። አጥንቱን በስጋ ላይ እየዳበስክ ነው የምትፈልገው፣ ሁለት ባለሙያ አንድ ጉልበት ቢለኩ በጥቂት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ስለዚህ 0.1 የሚባለው ቀልድ ነው፣ ዋናው ያው ሰው በያው አቀማመጥ ደጋግሞ መለካቱ ነው። ፕላስቲኩ ብርሃን የሚያሳልፈውም ስሩ ያለውን አጥንት እንድታይ ነው፣ የኔ ብረት ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የጀርባ አጥንት መጣመም ላይም እንዲሁ ነው፣ ኤክስሬይ ላይ ኮብ አንግል የሚባለውን ይለካሉ፣ 10 ዲግሪና ከዛ በላይ ሲሆን ነው ስኮሊዮሲስ የሚባለው፣ እዛም ላይ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ከመለካቱ ሊመጣ ስለሚችል በአንድ ቁጥር አይደናገጡም።

ቀያሾች ጋ ደግሞ ተገልብጧል። ቶታል ስቴሽን በሚባለው አንግልና ርቀት በሚለካ መሳሪያ ሲሰሩ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፣ እነሱ የሚያወሩት በሰከንድ ነው፣ 1 ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ናት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ገደማ። ባለ 5 ሰከንዱ መሳሪያ 500 ሜትር ላይ 12 ሚሊ ያህል ነው የሚስተው፣ የኔዋ 0.3 ዲግሪ ግን እዛው ርቀት ላይ 2.6 ሜትር ትስታለች፣ ሌላ ሰው ግቢ ገብተህ ነው አጥር የምታጥረው። ደስ ያለኝ ግን መሳሪያቸውን አለማመናቸው ነው፣ አንድ ነጥብ ካዩ በኋላ ቴሌስኮፑን ገልብጠው መሳሪያውን ግማሽ ዙር አዙረው እንደገና ያዩታል፣ የሁለቱን አማካይ ይወስዳሉ፣ የመሳሪያው የራሱ ጥመት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስለሚወድቅ ይጣፋል። ያው የሳጥኗና የውሃ ልኩ ብልሃት ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለየው።

ድሮ ትክክለኛ የሚሆነው ትልቅ ሲሆን ነበር፣ ጄሲ ራምስደን የሚባል እንግሊዛዊ መሳሪያ ሰሪ በ1787 እንግሊዝንና ፈረንሳይን ለማያያዝ ቅየሳ የሰራው ቲዎዶላይት (ባለ ቴሌስኮፕ የቀያሽ አንግል መለኪያ) ክቡ ብቻ 3 ጫማ፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ክብደቱ ወደ 90 ኪሎ። በዚህ አይነት ግዙፍ ነገር ነው እንግሊዞች ህንድን የቀየሱት፣ እና ኤቨረስትን ማንም ሳይረግጠው ቁመቱን ያወቁት። ኔፓል መግባት ስላልተፈቀደላቸው ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በአንግል ብቻ አዩት፣ ራድሃናት ሲክዳር የሚባል የሂሳብ ሰው በ1852 አሰላው፣ በ1856 ይፋ ሲሆን 29,002 ጫማ ተባለ፣ ወደ 8,840 ሜትር ነው። በ2020 በዘመናዊ መሳሪያ የወጣው 8,848.86 ነው። ወደ 9 ሜትር ገደማ ብቻ! አየሩ ብርሃኑን እያጠፈ ሁሉ፣ እሱንም አስልተው ቀንሰውለት። እኔ እዚህ የመደርደሪያ ጥግ አቅቶኛል።

ከጓደኛዬ ሴክስታንትም፣ መርከበኞች የፀሐይን ከፍታ ከአድማስ የሚለኩበትን፣ ተውሼ ነበር፣ ፕላስቲክ ነው፣ ለልምምድ የሚሸጠው አይነት። የሚገርመው ቅስቱ የክብ አንድ ስድስተኛ፣ 60 ዲግሪ ነው ግን ቁጥሩ 120 ድረስ ተጽፎበታል፣ መስታወት በ1 ዲግሪ ሲዞር ብርሃኑ በ2 ስለሚዞር ነው። ጆን ሃድሊ በ1731 ያሳየው ኦክታንት ታላቅ ወንድሙ ነው። መርከብ ላይ የሚሰራበት ምክንያት ቆንጆ ነው፣ ፀሐይንና አድማሱን በአንድ ላይ በመስታወት ስለምታያቸው መርከቡ ሲናወጥ ሁለቱም አብረው ይናወጣሉ፣ በመሃላቸው ያለው አንግል ግን እንዳለ ነው። 1 ደቂቃ ከተሳሳትክ ያለህበት ቦታ 1 ኖቲካል ማይል፣ 1,852 ሜትር ይሳሳታል። ፕላስቲኩ ሙቀት ሲነካው ስለሚለጠጥ ከመለካትህ በፊት ሁሌ ዜሮውን ማየት አለብህ፣ እንደገና ዜሮ! ፀሐይ ላይ ስታነጣጥር ደግሞ ጥቁር ማጣሪያዎቹን ሳታወርድ እንዳታይ፣ ዓይን መለዋወጫ የለውም።

ስለ ሰማይ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ታይኮ ብራሄ የሚባል ዴንማርካዊ የሰማይ ተመራማሪ ቴሌስኮፕ ከመምጣቱ በፊት በዓይኑና በትላልቅ ብረት ቅስቶች የፕላኔቶችን ቦታ እስከ 1 ወይ 2 ደቂቃ ልክ አድርጎ ይለካ ነበር። እሱ በ1601 ሲሞት መዝገቡ ረዳቱ የነበረው ኬፕለር እጅ ገባ፣ ኬፕለር ማርስን በክብ መንገድ ሲያሰላት ከታይኮ ልኬት ጋር በ8 ደቂቃ አልገጠመችም። ሌላ ሰው ቢሆን "መለኪያው ነው" ብሎ ያልፋት ነበር፣ እሱ ግን ታይኮ በ8 ደቂቃ አይሳሳትም ብሎ ክቡን ጣለው፣ በ1609 መንገዷ ሞላላ እንደሆነ አሳተመ። 8 ደቂቃ ማለት 0.13 ዲግሪ ናት። የኔ ዲጂታል በ±0.3 ነው፣ ታይኮ በሷ ለክቶ ቢሆን ማርስ እስከዛሬ በክብ ትዞር ነበር።

ለዛፍና ለፎቅ ቁመት ደግሞ ምንም አትግዙ። ያቺ የተማሪ ፕሮትራክተር መሃሏ ላይ ክር በክሩ ጫፍ ብሎን አንጠልጥላችሁ በቀጥታ ጠርዟ የዛፉን ጫፍ ማነጣጠር ነው፣ 45 ዲግሪ እስኪሆን ወደኋላ ትሄዳላችሁ፣ እስከ ግንዱ ያለው ርቀት ሲደመር የዓይናችሁ ከፍታ የዛፉ ቁመት ነው፣ ሜዳው ጠፍጣፋ ከሆነ ማለቴ ነው። ቦታ ከጠበበ 20 ሜትር ላይ ቆማችሁ ክሩ ከ90 ምልክት በ35 ዲግሪ ርቆ ካገኛችሁት 14 ሜትር ሲደመር ዓይናችሁ። 1 ዲግሪ ብትሳሳቱ ግማሽ ሜትር ናት፣ ዛፉ አይከሳችሁም።

ስለዚህ ልግዛው ወይ ለሚለኝ፣ ዞኮሎና ኮርኒስ የምትሰራ ከሆነ፣ ያልታወቀ ጥግ ቁጥሩን ማወቅ ያለብህ ከሆነ ግዛው፣ ከአምስት ሶስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለባትሪው ነው፣ አንዷን ደግሞ ለዛ ብሎን። ክብ መጋዝ ካለህ መጀመሪያ ሳጥኗን ግዛ። ምንም የሌለህ ጀማሪ ከሆንክ ታጣፊ ስኳድራና አንድ ጥሩ 90 ስኳድራ ግዛና ለጊዜው ሌላውን እርሳው። ሁለት ቁጥር ከነጥብ በኋላ የሚያሳየውን አይተህ ደግሞ አትጓጓ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ± ፈልግ፣ ± ካልተጻፈበት አስቀምጠው።

ፍሬሙን እንዴት አደረግከው ለምትሉ፣ አዲስ እንጨት አምጥቼ አራቱንም መጀመሪያ ትንሽ ትርፍ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ሁለት ቁራጭ አጋጥሜ 90 ስኳድራው ላይ አስጠጋሁት፣ ብርሃን በውስጥ በኩል አለፈ፣ መጋዙን እንደ ፀጉር ገፋሁት፣ ደግሜ ቆረጥኩ፣ ደግሜ አስጠጋሁ፣ በአራተኛው ብርሃኑ ጠፋ። መጋዙ ላይ ያለው ቀስት አሁን 44.6 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ በማርከር አንድ መስመር አስምሬበት "45" ብዬ ጽፌበታለሁ።